ደረሰኝ የያዘና ዕዳ የፈረመ፦ የወለጋ ተማሪዎች በ2012

2012 ላይ ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጋ፣ በብዙ አገር ያሉ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ አነሱ፦ ያልተማርንበት ገንዘብ ይመለስልን። በእንግሊዝ በዓመት እስከ 9,250 ፓውንድ የሚከፍሉ ተማሪዎች ጥያቄ ከ300 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰብስቦለት ፓርላማ ደረሰ። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያልታደረበትን የዶርምና ያልተበላውን የምግብ ክፍያ አስልተው መለሱ። የትምህርቱን ክፍያ ግን አንመልስም ስላሉ በየፍርድ ቤቱ ተከሰሱ።

ከነቀምቴ፣ ከግምቢ፣ ከሻምቡ፣ ከደምቢ ዶሎ እንዲህ ያለ ዘመቻ ዜና ሆኖ አልወጣም። ተማሪው የሚጠይቀው ስለሌለው ነው እንዳንል፣ ነበረው። ገንዘብ ይመለስ ብሎ ለመጠየቅ ግን ቢያንስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ የከፈልክበት ወረቀት፣ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ ይደረጋል" የሚል ደንብ፣ እና ጥያቄህን የምታደርስበት መስመር። በዚያ ዓመት ወለጋ ውስጥ እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው እጅ ላይ የተገናኙበት ጊዜ ብዙ አልነበረም። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ቁርስ ስጦታ የነበረበት ዘመን

1965 ላይ የወሎ ረሃብ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡ ለተራቡት እንዲውል ወሰኑ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፖለቲካው ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው፦ ተማሪው ቁርሱን የራሱ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የራሱ ስለሆነም ሊሰጠው ቻለ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ቁርስ ሌላ ስም አገኘ። በ1995 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን አመጣ፤ ግቢ ውስጥ ሁላችንም "ኮስት ሼሪንግ" የምንለውን። በደንቡ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። አሁን አይከፍልም፤ ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል።

ስለዚህ 1999 ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ሲከፈት፣ ኋላም የግምቢና የሻምቡ ካምፓሶች ተማሪ ሲቀበሉ፣ የገባው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳ ነበር። ወላጆቹ ግን "ልጃችን በነፃ ነው የሚማረው" ይሉ ነበር። ተማሪውም እንደዚያ ያስብ ነበር። አንድ ሰሞን ሬጅስትራር ጋ ተሰልፎ የሚፈርመው ወረቀት ትዝ የሚለው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲፈልግ ነው።

በነቀምቴ ሌላ ዓይነት ተማሪም አለ። የሳምንቱን አምስት ቀን ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ የዊኬንድ ክፍል የሚቀመጥ፣ ወይም ከተማው ውስጥ ባሉት የግል ኮሌጆች ማታ የሚማር። እሱ በየወሩ ወይም በየሴሚስተሩ ይከፍላል፤ ደረሰኝም ይዟል። አንዱ ዕዳ ፈርሟል፣ ሌላው ደረሰኝ ይዟል። ወረርሽኙ ሁለቱንም በአንድ ቀን ከክፍል አወጣቸው፤ የሂሳባቸው መንገድ ግን ለየቅል ነበር።

መጋቢት፣ ያለ ኔትወርክ

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ግቢያቸው ውስጥ እንዲቆዩ ቢባልም፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። ዶርሞቹ በየቦታው ለይቶ ማቆያ ሆኑ።

ወለጋ ይህን ዜና የሰማችው ከሌላው አገር በተለየ ሁኔታ ነው። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት የለም፤ ስልክ የሚሠራው እንደ ነቀምቴ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። መንግሥት በአካባቢው ከታጠቀ ኃይል ጋር እየተዋጋ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው። በመካከሉ ያሉትን ቀናት አስቧቸው፦ ቫይረሱ አገር ገብቷል፣ ግቢ ተዘግቷል፣ ነጆ ወይም መንዲ ያለ ተማሪ ግን ለክፍል ጓደኛው ደውሎ "ምን ተባለ?" ማለት አይችልም።

ፍርሃቱም በኮሮና አልጀመረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታግተዋል። ለብዙ ቤተሰብ ልጁ ከግቢ ወጥቶ ቤቱ መድረሱ ከማንኛውም ሂሳብ በፊት የሚመጣ ነገር ነበር። "የመኝታው ብርስ?" ብሎ የሚጠይቅ አባት በዚያ ሰሞን ከየት ይምጣ?

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ነበር። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ አስቸጋሪ ቢሆንም የሚሞከር ነበር። ወለጋ ላይ ግን ለወራት ያልነበረ ኔትወርክ ገና መመለሱ ነው። ሰኔ 22 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማም ተዘግቶ ቆየ። ገንዘቡን ከፍሎ የተመዘገበ የማስተርስ ተማሪ በእነዚያ ሳምንታት የገዛው ትምህርት የት ነበር? ኮርሱ "ኦንላይን ተሰጥቷል" ተብሎ ቢመዘገብ እንኳ፣ ላልደረሰው ሰው ተሰጥቷል ማለት ይቻላል?

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን "ለኮሮና ሕግ አልነበረም" እንላለን። ለኮሮና ብቻ ተብሎ የተጻፈ ላይኖር ይችላል፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 እና 1793 ከዐቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ይናገራል፤ ከምሳሌዎቹ አንዱ ውሉ እንዳይፈጸም የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝ ነው። አታስተምር የተባለ ኮሌጅ "ለምን አላስተማርክም? ካሣ ክፈል" ሊባል አይችልም ማለት ነው። እስከዚህ ኮሌጁ ልክ ነው።

ከካሣ ነፃ መሆን ግን ላልሰጡት አገልግሎት የተቀበሉትን ገንዘብ ይዞ ከመቅረት ይለያል። ያው ሕግ በአንቀጽ 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሱ ይላል። በአንቀጽ 2162 ደግሞ ያላግባብ መበልጸግን ይከለክላል። ትምህርቱ ተቋርጦ በኋላ ከተካካሰ ነገሩ መዘግየት ብቻ ነው፤ ተማሪው የከፈለበትን አግኝቷል። የመመለስ ጥያቄ በደንብ የሚነሳው ተመልሶ መምጣት ላልቻለው ነው፦ ሥራ ለቀየረው፣ ለተዛወረው፣ መንገዱ ለተዘጋበት። ወለጋ ውስጥ ደግሞ ከ2012 በኋላ መንገድ የተዘጋበት ሰው ጥቂት አልነበረም።

የኮሌጆቹንም ወገን እንስማ። መጋቢት 30 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይ ኪራይ እንዳይጨምርና ተከራይ እንዳያስወጣ ተከልክሏል። መምህራኑ ደሞዝ ይጠብቃሉ፤ ሕንፃው ኪራይ አለው። ለተከራዩና ለሠራተኛው ደንብ ወጣ። ለግል ትምህርት ቤት ወላጆችም መካከለኛ መንገድ ተገኘ፦ ትምህርት ቤቶቹ ከወርሃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ተወሰነ። ማንንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም፤ ሆኖም ቁጥር ነበር። ወላጅ ያንን ቁጥር ይዞ በር ማንኳኳት ይችላል።

ከነቀምቴ ማታ ኮሌጅ ለሚወጣው ተማሪ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ቁጥር እጁ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የሆነው ሁሉ የሆነው በየቢሮው በር ላይ ነው፤ እንደ ሰዉ ጠባይ፣ እንደ ትውውቁ፣ እንደ ደፋርነቱ። አንዱ "ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይያዝልህ" ይባላል፣ ሌላው "ደንባችን ላይ የተከፈለ አይመለስም ይላል" ተብሎ ይሸኛል።

ያልበላነው ምሳ

መደበኛው ተማሪስ? በዚያን ጊዜ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተያዘው በጀት 15 ብር ነበር፤ በወር 450 ብር። ኖን ካፌ የሆነ ተማሪ ይህንኑ በእጁ ይቀበል ነበር። ትንሽ ነው ትላላችሁ፤ አዎ፣ ካፌ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ዕዳው የሚደመረው ከዚሁ ነው፤ ከመኝታውና ከትምህርቱ ጋር ተጨምሮ።

ግቢዎቹ ተማሪ መልሰው መቀበል የጀመሩት በ2013 መጀመሪያ ወራት፣ ከተመራቂዎች ጀምረው ነው። የተቋረጠው ሴሚስተር ታጥፎ በአጭር ጊዜ ተሸፈነ። በአራት ወር የሚማሩትን በሁለት ወር የተማረ ልጅ የበላውም የተኛበትም የሁለት ወር ነው። ዕዳው ግን በዓመት እንጂ በቀን የሚቆጠር አይመስልም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ድምር ነው። የምግብና የመኝታው መስመር ግቢው በተዘጋ ቀን መቆም ነበረበት፤ ይህን ለማስላት ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ይበቃል፣ የወጣበትና የተመለሰበት። የእንግሊዙና የአሜሪካው ተማሪ የጮኸው ገንዘቡ ከኪሱ ሲወጣ ስላየ ነው። የእኛው ገንዘብ ገና ወደፊት፣ ከማናውቀው ደሞዝ ላይ ነው የሚወጣው። ያላየኸው ነገር ሲጎድል አይታወቅህም።

ይህ ሁሉ አልፎ የሄደ ታሪክ ቢሆን በቀላሉ እንተወው ነበር። በ2015 የዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝነት አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ገቢውን ራሱ መፈለግ አለበት፤ የሚከፍለው ተማሪ ቁጥርም መጨመሩ አይቀርም። ተራው ለነቀምቴም ይደርስ ይሆናል። ያኔ ደረሰኝ የሚይዘው ብዙ ነው።

ግቢ ደግሞ በበሽታ ብቻ አይዘጋም፤ የወለጋ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በምዝገባ ቀን የምንፈርመው ወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር ብሎ መጠየቅ ከባድ አይደለም፦ ትምህርቱ በማንም ጥፋት ሳይሆን ቢቋረጥ፣ ከስንት ቀን በኋላ ምን ያህል ይመለሳል ወይም ከዕዳው ይቀነሳል? እስከዚያው ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ የፈረማችሁትን የኮስት ሼሪንግ ውልም ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ከግቢ የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉበት።