አስናቀች ወርቁ

አስናቀች ወርቁ (1935–2011 እ.ኤ.አ.) ክራር ደርዳሪ፣ ድምፃዊትና ተዋናይት ነበረች። የተወለደችው አዲስ አበባ ሲሆን እናቷን ያጣችው ገና በልጅነቷ ነው። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ሴት መስለው በሚጫወቱበት ዘመን መድረክ ላይ ከወጡ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት አንዷ ናት፤ ኋላም በብሔራዊ ቴአትር ሠርታለች። ያኔ ሴት ልጅ ተዋናይ መሆኗ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ድፍረቷ ከድምፅዋ እኩል ሊነገርላት ይገባል።

ክራር በቀኝ እጅ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ፤ የሚሰማው የተለቀቀው ክር ብቻ ነው። ለአስናቀች ይኸው አጨዋወት ይበቃት ነበር። ትዝታን ስትጫወት ድምፅዋ ይሰበራል፣ መልሶ ይነሣል፤ ግጥሙም ቅኔ አዘል ነው። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም መመላለሷም ይታወሳል።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም 16ኛ ቅጽ ሙሉ በሙሉ የእሷ ሥራ ነው። ራሔል ሳሙኤልም «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርታላታለች። ያረፈችው መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው።

ሥራዋ በስደት ያለውንም ኢትዮጵያዊ ይመለከታል። ለምሳሌ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ያለው ሰፈር በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ምግብ ቤቶቹና ሱቆቹ ጎን ለጎን በተደረደሩበት በዚህ ሰፈር ተወልዶ አማርኛን ከወላጆቹ አፍ ብቻ ለሚሰማ ወጣት፣ ከአስናቀች ክራር የተሻለ የትዝታ መግቢያ ማግኘት ይከብዳል።