ምሰሶዋን አጋድማ ኮረብታ የምትሻገር ጀልባ

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ለመሻገር የሚፈልግ የአንዲት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ባለቤት ቦርዶ ከተማ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው በስፔይንና በፖርቱጋል ጠረፍ ዞሮ፥ በጂብራልታር በኩል ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከማዕበል ጋር መታገል ነው። ሁለተኛው የሸራውን ምሰሶ ነቅሎ በጀልባዋ ላይ በማጋደም የደቡብ ፈረንሳይን ምድር በቦይ ማቋረጥ ነው። ምሰሶው የሚነቀለው በቦዩ ላይ የተዘረጉት የድንጋይ ድልድዮች እጅግ ዝቅተኞች ስለሆኑ ነው። ለባሕር የተሠራች ጀልባ ሸራዋን አጥፋ በወይን እርሻ መካከል ስታልፍ ያየ እንግዳ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ከቱሉዝ ከተማ እስከ ቶ ሐይቅ የሚዘልቀው የሚዲ ቦይ 240 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1666 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራውን የፈቀዱለት ሰው መሐንዲስ አልነበረም፤ ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል የጨው ቀረጥ ሰብሳቢ እንጂ። ሁለቱን ባሕሮች የማገናኘት አሳብ ከእርሱ በፊት በብዙዎች ዘንድ የታሰበ ነው። ሁሉንም ያሰናከላቸው ግን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ከባሕር ወለል 189 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው በኖሩዝ ኮረብታ ጫፍ ላይ ውኃው ከየት ይመጣል? የሚል ነው።

የጥያቄው ክብደት የሚታወቀው ጀልባዋ ቁልቁል ስትወርድ ነው። በቦዩ ላይ ከ60 በላይ በሚሆኑ ስፍራዎች ከላይና ከታች በር ያላቸው በድንጋይ የታነጹ የውኃ ክፍሎች ይገኛሉ። ጀልባዋ ወደ ክፍሉ ገብታ የላይኛው በር ይዘጋባታል፤ ከዚያም ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲለቀቅ እርሷም አብራው ትወርዳለች፤ በመጨረሻም የታችኛው በር ይከፈትላታል። በእያንዳንዱ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ሜትር ኩብ ውኃ ከከፍታው ወደ ቆላ ይፈስሳል። ስንዴ የጫነ ትልቅ መርከብም ሆነ ሁለት ሰው ብቻ የያዘች ጀልባ ብታልፍ የሚወርደው ውኃ መጠን በእጅጉ አይለያይም። ስለሆነም ኮረብታው ላይ ያለማቋረጥ ውኃ የማያገኝ ቦይ ውሎ አድሮ ደረቅ ጕድጓድ ይሆናል።

ሪኬ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ ከቦዩ ራቅ ብሎ ይገኛል። «ጥቁር ተራራ» ከሚባለው ሰንሰለት የሚወርዱትን ጅረቶች ጠልፎ በመስኖ ወደ ኖሩዝ አመጣቸው፤ የክረምቱንም ውኃ ለበጋ ለማቈየት በሴን ፌሬዮል ከ6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ግድብ አሠራ። በ1787 በፈረንሳይ የአሜሪካ መልክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን የሠረገላውን መንኰራኵር አስወልቆ በጀልባ ላይ ጭኖ፥ በፈረስ እየተጐተተ በዚህ ቦይ ሲጓዝ፥ ከመንገዱ ወጣ ብሎ በፈረስ ወደ ተራራው በመውጣት ግድቡን ጐበኘ። የሥራው ቍልፍ የት እንዳለ ገብቶታል ማለት ነው።

ሥራው ከስሕተት የጸዳ አልነበረም። በመጀመሪያ ቀጥ ብለው የተሠሩት የውኃ ክፍሎች ግድግዳ በዐፈሩ ግፊት ተደረመሰ። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ በመካከል ሰፋ ያለ የእንቍላል ቅርጽ ተሰጣቸው፤ የጐበጠ ግድግዳ ግፊትን እንደ ቅስት ይቋቋማልና። በቁፋሮው ላይ ከወንዶቹ ጋር ብዙ ሴቶች ሠርተዋል፤ የቦዩ ታሪክ ሲጻፍ ግን ለረጅም ጊዜ አልተነሡም። ቤዚዬ ከተማ አጠገብ ቦዩ 21 ሜትር ያህል የሚወርደው 8 ክፍሎች እንደ ደረጃ ተያይዘው በተሠሩበት ስፍራ ነው፤ ጥቂት ራቅ ብሎም በማልፓስ ኮረብታ ሥር በዋሻ ያልፋል።

ሪኬ ለሥራው የራሱን ሀብት አፈሰሰ። በኦክቶበር 1680 ሲሞት ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር፤ ቦዩ የተመረቀው በሜይ 1681 ነው። ወራሾቹ የተረከቡት ከፍተኛ ዕዳ ስለነበረ ከቦዩ ትርፍ ማግኘት የጀመሩት ከ40 ዓመታት ያህል በኋላ ነው። የኋላ ኋላ የባቡር ሐዲድ መጣ፤ በ1858 ቦዩ በኪራይ የተሰጠው፥ የሚያስገርም ቢሆንም፥ ለተወዳዳሪው ለባቡር ኩባንያ ነበር። ኩባንያው እስከ 1898 በያዘበት ዘመን የጀልባው ንግድ መዳከሙ አያስደንቅም።

በ20ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ግድም የጭነት መርከቦቹ ጨርሰው ጠፉ፤ የቀሩት የሽርሽር ጀልባዎችና ምሰሶ ያጋደሙ መንገደኞች ናቸው። የውኃው ሒሳብ ግን አልቀነሰም። በዚያ ላይ ዳርቻውን በሥራቸው ይዘው፥ ውኃው በፀሐይ እንዳይተንን ያጠልሉ ከነበሩት ወደ 42,000 ከሚጠጉ የፕላታን ዛፎች መካከል፥ በ2006 በታየው የሻጋታ በሽታ ምክንያት እጅግ ብዙዎቹ ተቈርጠዋል። ድርቅ ሲሆን የበር ጠባቂዎች አንዲት ጀልባ ብቻዋን አያሳልፉም፤ ሌሎች እስኪመጡ ታስጠብቃለች። ከዚያም አራት አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ውኃ አብረው ይወርዳሉ።