አርባ የሚል ቁጥር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ ስለ አንዲት ቁራጭ ናስ ነው፤ መዳፍ የማትሞላ፣ ጥግ ጥጓ የተጣመመ፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰች ቁራጭ። ያወጣት የወሎ ልጅ ነው፤ ከሜልበርን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ካስልሜይን አጠገብ፣ ከአንዲት አሮጊት ገበሬ የበግ ግጦሽ መሬት ውስጥ።

ልጁ ጎረቤቴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የብረት መፈለጊያ ዲቴክተሩን መኪናው ላይ ጭኖ ወርቅ ፍለጋ ይወጣል። በቪክቶሪያ ግዛት ይህን ማንም እንደ እብደት አያየውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ኬቨን ሂሊየር የሚባል ሰው ኪንጎወር በተባለች መንደር በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ከ27 ኪሎ በላይ የሚመዝን አንድ ወጥ ወርቅ አግኝቷል። ጎረቤቴ ግን በዚያ እሁድ ያገኘው ይህችን ናስ ብቻ ነበር። ሴትዮዋን አሳያቸው። «ያንተው ትሁን፣ ግን ምን እንደሆነች ስታውቅ መጥተህ ንገረኝ» አሉት። ማታ በሶፍት ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ በሎሚና በአመድ ልሻት?» አለኝ።

እጁን ያዝኩት። እናቶቻችን ናስ የሚያነጡት እንደዚያ ነው፤ ለቤት ዕቃም ያምርበታል። አፈር ውስጥ መቶ ሰባ ዓመት የተኛ ናስ ግን ሲታሽ ዝገቱ ብቻውን አይለቅም፤ የተቀረጸውን ስስ መስመር፣ የሠሪውን ምልክት፣ አንዳንዴም ቀርቶ የነበረውን የወርቅ ቅብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ንጹህ ውሃና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አመጣን። ጭቃው ትንሽ በትንሹ፣ በትዕግሥት፣ ይነሳ ጀመር።

ሰው ሁሉ የሚጓጓው ፊቷን ለማየት ነው። እኛ ከጀርባዋ ጀመርን፤ የእንዲህ ያለ ዕቃ ዕድሜ ጀርባው ላይ ነውና። ሁለት ጉጦችና ሁለት መንጠቆዎች ነበሩባት፤ አንደኛው መንጠቆ ተሰብሯል። ይህ የወገብ ዘለበት አይደለም። የድሮ እንግሊዝ እግረኛ የሳንጃውን ማንገቻ ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ዳሌው ያወርድ ነበር፤ ማንገቻው ደረቱ ላይ የሚያያዘው በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ነው። በ1850ዎቹ አጋማሽ የደረት ሰሌዳ ቀረና ሁሉም ወደ ወገብ ቀበቶ ዞረ። ዛሬ በገበያ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ሰሌዳ ሞልቷል፤ የእሱ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቀልጦ ሲፈስ የቀሩ የአየር ቀዳዳዎችም ይታዩበታል። የእኛዋ ጀርባ ለስላሳ ነበር።

ከዚያ ገለበጥናት። መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ቀጥሎ ያገደመው መጣ። አራት! ከጎኑ አንድ ክብ ነገር አለ። ጎረቤቴ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ብሩሹን በቀስታ አዞረው። ዜሮ። አርባ።

እስከ 1881 ድረስ የእንግሊዝ እግረኛ ሬጅመንት የሚጠራው በቁጥሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት ቁጥሩ ቀርቶ የአውራጃ ስም ተተካ። እንግዲህ ቁጥሩ ራሱ «ከ1881 በፊት» ይላል። ጀርባው «ከ1850ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አትምጡ» ይላል። ቦታው ደግሞ የወርቅ አገር ነው፤ በቪክቶሪያ የወርቅ ግርግር የተነሳው በ1851 ነው። 40ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሜልበርን የደረሰው በ1852። ሁሉም ሲገጣጠም ለዚያች ሰሌዳ የሚተርፋት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። አንድ የ40ኛው ወታደር በወርቁ ግርግር መሀል ከደረቱ ጣላት። ማን እንደሆነ ሰሌዳዋ አትነግረንም።

40ኛው ምን ሠራ? ሴንት ኪልዳ ጎዳና ላይ በትራም የምታልፉ ሁሉ የድንጋይ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ የቪክቶሪያ ባራክስ የመጀመሪያው ሕንፃ ከ1856 ጀምሮ የቆመው በእነሱ እጅ ነው። ስማቸው የሚነሳው ግን ይበልጥ በባላራት ነው። መንግሥት ወርቅ ቆፋሪውን፣ አገኘም አላገኘም፣ በየወሩ፣ መጀመሪያ ላይ 30 ሺሊንግ፣ የፈቃድ ገንዘብ ያስከፍለው ነበር። ፈቃድ የሌለው ይታሰራል። ቆፋሪዎቹ ዩሬካ በተባለው ስፍራ በእንጨት አጥር ተከልለው የደቡብ መስቀል ኮከብ ያለበትን ባንዲራ ሰቀሉ። እሁድ ዲሴምበር 3 ቀን 1854 ሊነጋ ሲል የ40ኛውና የ12ኛው ሬጅመንት ወታደሮች ከፖሊስ ጋር ሆነው ደረሱባቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የፈጀው። ከ20 በላይ ቆፋሪ ሞተ፤ ከወታደሩም ጥቂቶች ወደቁ፣ የ40ኛው ካፒቴን ሄንሪ ዋይዝም በቁስሉ ሞተ። የቆፋሪዎቹ መሪ ፒተር ላሎር አይርላንዳዊ ነው፤ ክንዱን እዚያ አጣ። ከአጥሩ ማዶ ቀይ ኮት ለብሰው ከመጡትም ውስጥ አይርላንዳውያን ነበሩ። ይህን ሳስብ ሁሌም ያመኛል፤ የአንድ አገር ድሀ ልጆች በባዕድ ምድር፣ በሌላ ሰው ወርቅ ሰበብ ተገዳደሉ።

ላሎር በኋላ የቪክቶሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ። ያ የወር ክፍያም በ1855 ተሽሮ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት ማይነርስ ራይት የሚባል ፈቃድ መጣ። ይህን ስነግረው ጎረቤቴ ቦርሳውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። ማይነርስ ራይት! ዛሬም በዚያው ስም፣ ለአሥር ዓመት ይሰጣል። ያ ወረቀት ኪሱ የገባው ዩሬካ ላይ በፈሰሰው ደም ነው፤ ሰሌዳዋ ደግሞ ያን ደም ካፈሰሰው ሬጅመንት ደረት የወደቀች ናት።

40ኛው በ1860 ወደ ኒውዚላንድ ጦርነት ተጫነ። ሜልበርን ላይ ታሪኩ አለቀ።

ጎረቤቴ ግን አላለቀለትም። «እነዚህ ናቸው ወይ መቅደላ የመጡት?» አለ። የተንታ ሰው ነው፤ መቅደላ ለእሱ የትውልድ ሰማዩ ነው።

እነዚህስ አይደሉም። መቅደላ የመጣው ሌላ ቁጥር ነው። ጄኔራል ናፒየር ከህንድ 13 ሺህ ያህል ጦርና 44 ዝሆን ይዞ ዙላ ወረደ። በስቅለት ዕለት አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ ጦሩ ወደ አምባው ወጣ፤ ከፊት የተሰለፈው 33ኛው ነበር። ኮኪት በር ላይ ተገቱ። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል፤ መሐንዲሶቹ ባሩዱንም መሰላሉንም ረስተው መጥተዋል። ራስ እንግዳ በሩን ሲከላከል ሞተ። ያኔ ከ33ኛው ጥቂት ሰዎች ከመንገዱ ወጥተው ገደሉን ቧጠጡ፣ ግንቡን ዘለሉ፣ የእሾህ አጥሩን ጥሰው ገቡ። ከሁሉ ቀድመው መቅደላን የረገጡት ሁለት ናቸው፤ ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር። አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን አልሰጡም፤ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ የተጋዘው የዘረፋ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት፣ ያ ሁሉ የተሸጠበት የደላንታው ሐራጅ፣ በ1879 እንግሊዝ አገር የሞተው የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። ማግነር የተወለደው አይርላንድ ፈርማና፣ በ1840 ነው፤ ልጅነቱ የድንቹ ረሃብ አገሩን የፈጀበት ዘመን ነበር። ለመቅደላው ሥራው እሱም በርጊንም የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን አገኙ። በርጊን በ1880 ህንድ ውስጥ ሞተ። ማግነርስ? ማግነር በ1897 የሞተው እዚህ ነው። ሜልበርን ውስጥ።

ጎረቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄ ከተማ ላይ?»

አዎ፣ ይሄ ከተማ ላይ። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ፣ ፉትስክሬይ፣ ቡና እየጠጣን መቅደላን ስናነሳ የምናወራው ስለ ሩቅ አገር ይመስለናል፤ አምባውን መጀመሪያ ከረገጡት ሁለቱ አንዱ ግን የሞተው በእኛው ከተማ ነው። እኔ ማግነርን አልረግመውም። ረሃብ አሳድጎት ከበሮ ያሸከሙት ልጅ ነው። የላከውን መንግሥትና ሐራጁን ግን ይቅር ለማለት ልቤ አይታዘዘኝም።

ለመቅደላው ዘመቻ የተሰጠውን ሜዳይ አይታችሁት ከሆነ፣ መካከሉ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አለ፤ ዙሪያውን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በጫፎቹ መካከል አቢሲኒያ የሚለው ስም በዘጠኝ የእንግሊዝኛ ፊደል ተበትኗል። ጀርባው ላይ የእንግሊዙ ወታደር የግል ስሙ ከብሩ ጎልቶ ወጥቷል። ስሙ ያለው እዚህ ሜዳዩ ላይ ነው። ቀበቶው ላይ ያለው የሬጅመንቱ ቁጥር ብቻ ነው።

«እንግዲያ መቅደላም አፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ናስ ይኖራል» አለ ጎረቤቴ።

በዚያ ዘመን የወገብ ዘለበት ነው የሚኖረው፤ በሁለት ተቆላልፎ የሚዘጋ፣ መካከሉ ላይ ቁጥር ያለበት። ነገር ግን መሬት አገላብጦ መፈለግ አይገባም፤ መቅደላ የጦር ሜዳ ነው፣ መቃብር ነው። እዚህም ቢሆን የተመዘገበ የቅርስ ቦታ ላይ ዲቴክተር ይዞ መግባት ሕግ ይከለክላል። ገበሬ ሲያርስ በማረሻው የወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከየትኛው ማሳ፣ ከአምባው በየት በኩል እንደወጣ ከተጻፈ የዚያን ቀን ጦር መንገድ ያሳያል። ለናስ ቀላጭ በኪሎ ከተሸጠ ምንም አያሳይም።

ሰዓቱን አይቶ፣ ኢትዮጵያ ረፋድ መሆኑን አረጋግጦ፣ ተንታ ላሉት አጎቱ ደወለ። ሰላምታው እንደ ወሎ ሰላምታ ረጅም ነበር፤ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የሰው ሁሉ ደኅንነት ተጠየቀ። ከዚያ «ጋሼ፣ እስክሪብቶ ይያዙ» አለ። «የሚታረስ ማሳ ላይ ቁጥር ያለው ናስ ከወጣ፣ እንዳይታሽ፣ እንዳይሸጥ። ቦታውን ጽፈው ወረዳ ባህል ቢሮ ያሳዩልኝ። ቁጥሮቹን ልንገርዎት፦ 4፣ 26፣ 33፣ 45። ሠላሳ ሦስትን ያስምሩበት።»