በሆድ ግድግዳ በኩል የሚገባው የመመገቢያ ቱቦ፦ ታሪኩና ስውር መዘዞቹ

መዋጥ ለተሳነው ሕመምተኛ የሆድን ግድግዳ ከፍቶ በቀጥታ ወደ ጨጓራው ምግብ ማድረስ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1837 ያቀረበው ኤገበርግ የተባለ ኖርዌያዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር። በ1849 ፈረንሳዊው ሴዲዮ በስትራስቡርግ ሐሳቡን በሰው ላይ ሞከረው፤ ታካሚው ግን አልተረፈም። በ1876 ቬርኔይ በፓሪስ ታካሚውን ለማትረፍ በቃ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሐኪሞቹ ዋነኛ ሥጋት የጨጓራው ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ የሚያስከትለው ብግነት ነበር። የቪትዝል (1891) እና የስታም (1894) የስፌት ዘዴዎችም ይህንኑ ፍሳሽ ለመግታት የታለሙ ነበሩ።

በ1980 ጋውደረርና ፖንስኪ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሆድ ሳይከፈት ቱቦውን በኢንዶስኮፕ አማካይነት የማስገባት ዘዴ አሳተሙ። የመሣሪያው ብርሃን በሆድ ቆዳ ላይ ሲታይ ሥፍራው በመርፌ ይወጋል፤ በመርፌው የገባው ክር በአፍ ይወጣል፤ ቱቦውም ከክሩ ጋር ታስሮ በአፍ ገብቶ በሆድ ግድግዳ በኩል ይሳባል። ዘዴው ታላቅ እፎይታ ነበር። ይሁን እንጂ በቆዳና በጨጓራ መካከል ያለው ሥፍራ ከሐኪሙ ዕይታ ተሰወረ። አልፎ አልፎ የሚከሰቱት መዘዞችም በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫሉ።

አንደኛው፣ መርፌው ሳይታወቅ በመካከል የተጋደመውን ትልቁን አንጀት ሲበሳ ነው። ሕመምተኛው ለወራት ምንም ላይሰማው ይችላል። ቱቦው በሌላ ሲተካ ግን የአዲሱ ጫፍ አንጀቱ ውስጥ ይቀራል፤ ምግብ በተሰጠ ቁጥርም ተቅማጥ ይከተላል። ሁለተኛው፣ የውስጡ ማቆሚያ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የጨጓራው ግድግዳ በደም እጥረት ቆስሎ ማቆሚያውን መዋጡ ነው። ሦስተኛው፣ በአፍ ወይም በጉሮሮ ካንሰር በተያዘ ሰው ቱቦው በዕጢው አጠገብ ሲሳብ የካንሰር ሕዋሳትን ወደ ሆድ ቆዳ ማጓጓዙ ነው።

ቱቦውን የሚያስገባው ሐኪም ቢሆንም እነዚህን መዘዞች ቀድሞ የሚያያቸው ብዙውን ጊዜ ዕለት በዕለት የሚመግበው ነርስ ነው። ስለዚህ ቱቦ ከተተካ በኋላ ተቅማጥ የጀመረው ሕመምተኛ በራጅ ሳይመረመር መመገብ የለበትም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወደ ውስጥ አልገፋ፣ አልዞር ያለ ቱቦም በግድ ሊገፋ አይገባም። በውጭ ማቆሚያውና በቆዳው መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ቀላል ሥራ ነው፤ ሕመምተኛውን ግን ከሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያድናል።