የጸጋ ስጦታ የማን ነው? ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ኮምቦልቻ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው፤ ስለ ክርስቶስ ልደት ለረጅም ዘመን የቆየውን ክርክር በመዝጋቱና የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ በመታዘዙ። ጉባኤው ስለ መንፈሳዊ ስጦታ ሊያስተምረን የሚችለው ግን ብዙም አልተነገረም። ባለ ሦስት ልደት ወይም ጸጋዎች የሚባሉት ወገኖች ክርስቶስ በሥጋው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የጸጋ ልጅነትን አገኘ ይሉ ነበር። ካራዎች ደግሞ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው፣ በባሕርዩ ልጅ የሆነውን የጸጋ ልጅ ማለት አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። የተፈረደው ለካራዎች ነው።

ፍርዱ የተሰጠው ስለ ክርስቶስ ቢሆንም ስለ ሰውም የሚለው አለ። በባሕርይ ባለቤት የሆነው አንዱ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ የያዘውን የያዘው በጸጋ ነው። ሀብተ ፈውስ የተሰጠው ሰው በባሕርዩ ፈዋሽ አይደለም፤ የሚያስተምረውም የእውቀቱ ምንጭ አይደለም። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ዘጠኝ ስጦታዎችን ሲዘረዝር ሁሉንም ወደ አንድ መንፈስ የሚመልሳቸውና ለእያንዳንዱ የተሰጠው ለሁሉ ጥቅም ነው የሚለው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። ስጦታ በተቀባዩ እጅ ያለ አደራ ነው። አደራውን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ለማን እንደሚያደርስ ማወቅ አለበት።

ስጦታው መቼ ይሰጣል በሚለው የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት አይስማሙም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ወዲያው በሜሮን ይታተማሉ፤ የመንፈስ ቅዱስ ሀብት የሚሰጠው ያኔ ነው፤ ቀሪው ዕድሜ የተሰጠውን በጾም፣ በጸሎትና በትሩፋት የመግለጥ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሐዋሳ፣ በሐረር፣ በናዝሬትና በአዲስ አበባ የተስፋፋው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ግን የመንፈስ ቅዱስን ጥምቀት አማኙ አውቆ የሚቀበለው፣ በልሳን የሚታወቅ ልምምድ አድርጎ አስተማረ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን እንቅስቃሴው ወደ ወጣቶቿ ሲገባ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ መክራ፣ ከማግለል ይልቅ በትምህርትና በሥርዓት መያዝን መረጠች። ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም መቼ እንደተቀበልን ስንከራከር፣ ለማን ተቀበልነው የሚለው ወደ ኋላ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ በደቡብ ወሎ ካሉት መልሶች ቀዳሚው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከተማሩ በኋላ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ መጥተው ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገድል ተጋድሏቸውንና ተአምራታቸውን በሰፊው ይተርካል፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ከገድሉ የሚቀድመው ማስረጃ ነው። በ1280 ወይም በ1281 እ.ኤ.አ. ባጻፉት ወንጌል ላይ ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ያ ዝርዝር የማስተማር ስጦታ በተግባር ምን እንደሚመስል ያሳያል። ከመጻሕፍቱ በስተጀርባ የተፋቀ ብራና፣ የተቀመመ ቀለም፣ ጎንበስ ብሎ የዋለ ጸሐፊ አለ። መምህሩ ሲያልፉም መጻሕፍቱ ለማያውቋቸው ተማሪዎች ቀርተዋል። ዛሬ ቅባት በድምፅ ከፍታና በመድረክ ግለት ሲለካ ስሰማ ይህን ዝርዝር አስባለሁ።

ሁለተኛው መልስ ስጦታን መመርመር ነው። ወሎ የመንፈስ ነገር የማያስደንቅበት አገር ነው። ጠበል አለ፣ ዱአ አለ፣ ዛር አለ፤ ቡናው ፈልቶ ጫቱ ቀርቦ የሚመረቅበት ወዳጃም አለ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው ራእይ አየሁ፣ በሽታ አዳንሁ ማለቱ ብቻውን ከእግዚአብሔር መሆኑን አያረጋግጥም። ጳውሎስ መናፍስትን መለየትን ራሱን ከስጦታዎቹ ቆጥሮታል፤ ነቢያትም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይመርምሩ ብሎ አዝዟል። ከሐዋርያት ዘመን ብዙም የማይርቀው ዲዳኬ የተባለው የሥርዓት ጽሑፍ ደግሞ በመንፈስ እየተናገረ ለራሱ ገንዘብ የሚጠይቀውን ነቢይ አትስሙት ይላል፤ ለችግረኛ ከጠየቀ ግን አይፈረድበትም። ይህ ስለ ነቢያት የሚናገረው ክፍል ሲኖዶስ በተባለው የግእዝ የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ በትንቢት ስም የሚከፈል ዋጋን መቃወም ከውጭ የመጣ ጥርጣሬ አይደለም፤ የራሳችን የቆየ ሥርዓት ነው። ዛሬ ስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ከትንቢት ጋር አብሮ ሲነገር ዝም የሚሉ ሽማግሌዎች የተሰጣቸውን የመመርመር ኃላፊነት ትተዋል።

ሦስተኛው መልስ ለደሴና ለኮምቦልቻ እጅግ የሚቀርበው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 12 መጨረሻ ከተአምራትና ከልሳን ጋር እርዳታንና አስተዳደርን ይጠቅሳል፤ በሮሜ 12 መስጠትንና ምሕረትን ይጨምራል። እነዚህ በወሎ የሚኖሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ ከመቶ 70 ያህሉ ሙስሊም ነው። በአካባቢው ዕድር፣ በቅሬ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ፣ አብረው ይቀብራሉ። መዝገብ በንጽሕና የሚይዝ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ክርስቲያን የቅሬ ዳኛ የአስተዳደር ስጦታውን እየተጠቀመ መሆኑን ከዐውደ ምሕረት የነገረው ሰው ይኖር ይሆን? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ፣ በትምህርት የማይስማሙ አብያተ ክርስቲያናት በእርዳታ ተገናኙ፤ ኋላ የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበር የተባለው ኅብረት መነሻው ያ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች በሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ሲጠለሉ፣ እንጀራ ይዞ የሄደ ሁሉ የተራበውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላለም። ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከተሞቹ ራሳቸው ላይ ደረሰ።

እዚህ ላይ የቦሩ ሜዳን ሌላ ገጽ ማለፍ አይቻልም። ከጉባኤው በኋላ የወሎው ባላባት መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ፣ ኋላም የወሎ ንጉሥ ሆኑ። ለብዙው ሕዝብ ግን ጥምቀቱ በአዋጅ የመጣ ነበር። ጸጋ በጸጋነቱ እንዲታወቅ የተከራከረው ጉባኤ ጸጋን በግዴታ ሊያድል ሞከረ። በዚህ ምድር ስጦታዬን ለጎረቤቴ እጠቀምበታለሁ የሚል ክርስቲያን ይህን ታሪክ ማወቅ ይገባዋል፤ እርዳታው የማስለወጫ ዋጋ እንዳልሆነ ጎረቤቱ ሊተማመን የሚችለው ያኔ ነው።

ስጦታህን እወቅ በሚሉ ሥልጠናዎች አማኙ መጠይቅ ይሞላል፤ ምን ትወዳለህ፣ ምን ይቀናሃል ተብሎ ስለ ራሱ ይመልሳል። ጠቃሚ ጅምር ነው፤ ነገር ግን አደራ ጠባቂውን ብቻ ጠይቆ አደራው የሚደርሰውን አይጠይቅም። በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውላ ማታ የታመመች ጎረቤቷን የምታስታምም ሴት የምሕረት ስጦታ እንዳላት ለማወቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በምትኖርበት ግቢ የተከራዩትን ይጠይቁ። ከእነርሱ ውስጥ የሙስሊሞቹ ቃል ይበልጥ ይመዝናል፤ የቤተ ክርስቲያኗ አባል ስላልሆኑ ለማሞገስ የሚያበቃቸው ምክንያት የለም። ምስክርነቱ ከተገኘ ቤተ ክርስቲያኗ ለዚያች ሴት የመድኃኒት መግዣ ትመድብላት፣ አብረዋት የሚያድሩ ሁለት ሰዎችም ትስጣት።