የጣና ገዳማት ሰማያዊ ቀለሞች፦ ምንጫቸውና መለያቸው

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባቸው የዘጌ፣ የደቅና የዳጋ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተነሡ ሰዓልያን የተጠቀሙባቸውን ቀለሞች በአንድ ሐይቅ ላይ ጠብቀው ያቆዩ በመሆናቸው ለኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ወደር የሌላቸው ምስክሮች ናቸው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የመቅደሱን ግድግዳ የሚሸፍን ሲሆን፣ ሰዓሊው አብዛኛውን ጊዜ በጭቃው ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ለጥፎ ቀለሙን በዚያ ላይ ይቀባ ነበር። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ቢጫውና የሸክላ መልክ ያለው ቀይ ደግሞ ብረት ካለበት አፈር ስለሚገኙ ብዙ አያከራክሩም፤ አስቸጋሪው ሰማያዊው ነው፤ ለዓይን አንድ የሚመስለው ይህ ቀለም ምንጩ ብዙ ነውና።

የማዕድን መልክ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በውስጡ ባለው ጥቂት ንጥረ ነገር ነው፤ ቱርማሊን የተባለው የከበረ ድንጋይ ማንጋኒዝ ሲኖርበት ሮዝ፣ ብረት ሲኖርበት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሰዓልያንም ሰማያዊ እንዲሁ ነው። በአፍጋኒስታን ባዳኽሻን ከሚቆፈረው ላፒስ ላዙሊ የሚፈጨው አልትራማሪን መልኩን የሚያገኘው በክሪስታሉ ውስጥ ከታሰረ ድኝ ሲሆን፣ ስማልት ግን ኮባልት ተጨምሮበት የቀለጠ መስታወት ተፈጭቶ የሚገኝ ዱቄት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሊን የተሠራው የፕራሺያ ሰማያዊ ደግሞ ኤሌክትሮን ከአንዱ የብረት አቶም ወደ ሌላው ሲሻገር ብርሃን ስለሚውጥ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከተክል ቅጠል የሚወጣው ኢንዲጎ ብረትም ኮባልትም የለበትም።

እነዚህን ለመለየት ጥቂት ቅንጣት ይበቃል። ስማልት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠርዙ የተሳለ የመስታወት ስብርባሪ ነው፤ ፖታሲየሙ ከጊዜ ብዛት ሲወጣም ወደ ግራጫ ይለወጣል። አልትራማሪን አሲድ ሲነካው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ እየሰጠ ይነጣል፤ የፕራሺያ ሰማያዊ በአልካላይ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ኢንዲጎ ግን ቀጭን አሲድንም ቀጭን አልካላይንም ይችላል። ቅንጣት ሳይነካ ንጥረ ነገሮችን የሚያሳየው የኤክስሬይ መሣሪያ ኮባልትን በቀላሉ ያመለክታል፤ ነገር ግን ከሥዕሉ በስተኋላ ያለው ጭቃ ራሱ ብረት ስላለበት፣ ብረት በመታየቱ ብቻ የፕራሺያ ሰማያዊ አለ ማለት አይቻልም።

ይህ ልዩነት የሥዕሎችን ዕድሜ ለመመርመር እጅግ ይጠቅማል። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የሠራው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ስሙን ባሰፈረበት በዳጋ እስጢፋኖስ ሥዕል ላይ የፕራሺያ ሰማያዊ ቢገኝ፣ በኋላ ዘመን እጅ የታከለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ ግን ይኸው ቀለም ቢገኝ ከዘመኑ ጋር አይጋጭም፤ እ.ኤ.አ. ከ1828 አካባቢ ጀምሮ በፋብሪካ የተመረተው ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ከተገኘ ግን ያ ክፍል ከእቴጌይቱ ዘመን በኋላ የተቀባ ነው። የቀለሙን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ ለጥገናም ያስፈልጋል፤ ኖራ አልካላይ በመሆኑ፣ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ የፕራሺያ ሰማያዊን ያበላሻል።