ዶሮቲ ኬሪ፦ ጓዟን በአንድ ቀን የሸከፈችው ሴት

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና የያዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ቤተሰብ ተሰናበተ። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ለወንጌል አገልግሎት ወደ እስያ ሊሄዱ ነው። ሚስትየዋ አሥረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሰባኪው ስለ ዊሊያም ኬሪ ሰበከ፤ ጫማ ሰፊው እንዴት ህንድ ድረስ እንደሄደ። ደህና አድርጎ ነው የሰበከው። ከዚያ ማይኩ ለባልየው ተሰጠ፣ ተናገረ፣ ጸለይን፣ ወጣን። በር ላይ ትንሹን ልጇን እንዳዘለች ጠጋ አለችኝና "ቲቸር፣ ኬሪ ሚስት አልነበረውም እንዴ?" አለችኝ። ነበረችው አልኳት። "ስሟ ማን ነው?" ልመልስላት ስል ሰው መጥቶ አቀፋት፤ ወሬያችን እዚያው ቀረ።

እዚህ ልመልስላት። ለእናንተም ይሆናል።

ስሟ ዶሮቲ ፕላኬት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ፒዲንግተን ከምትባል መንደር ነች። ኬሪን ያገባችው በ1781 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እሱ ገና 20 ዓመት አልሞላውም፣ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራል። እሷ በአምስት ዓመት ገደማ ትበልጠዋለች። በጋብቻው መዝገብ ላይ በፊርማ ፈንታ ያደረገችው የመስቀል ምልክት ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም። ባሏ ደግሞ ጫማ እየሰፋ ላቲን፣ ግሪክና ዕብራይስጥ ለራሱ የሚያጠና ሰው ነው። እስቲ ያንን ቤት አስቡት።

ቆይቶ ሞልተን በምትባል መንደር አስተማሪ ሆነ። የኛ ሰው ነው ማለት ነው፤ ኑሮውም እንደኛው ነበር፣ ማስተማሩ ስለማያበላው ጫማ መስፋቱን አልተወም። ትልቅ የዓለም ካርታ በእጁ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ የየአገሩን የሕዝብ ብዛትና ሃይማኖት እየጻፈ ያስብ ነበር። በ1792 ስለ ዓለም አቀፍ ወንጌል ተልእኮ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኬተሪንግ ከተማ ላይ ጓደኞቹን አሰባስቦ የባፕቲስት ሚሲዮን ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው መዋጮ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር፤ እሱም በቃል የተገባ እንጂ እጅ በእጅ የተሰበሰበ አይደለም። በጥር 1793 ጆን ቶማስ ከሚባል ሐኪም ጋር ወደ ቤንጋል እንዲሄድ ሲጠየቅ እዚያው ስብሰባው ላይ እሺ አለ።

ዶሮቲ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ስትሰማ "አልሄድም" አለች።

እኔ ራሴ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ይህን ታሪክ ስናገር ለዓመታት እሷን "እንቅፋት የሆነችበት ሚስት" ብዬ ነበር የማልፋት። አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ሴትዮዋ እኮ እርጉዝ ነበረች። ሦስት ትንንሽ ወንዶች ልጆች አሏት። ከዚያ በፊት ሁለት ሴቶች ልጆቿን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። በየካቲት ፈረንሳይ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አውጃለች፣ ባሕሩ ሰላም አይደለም። ህንድን የያዘው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ደግሞ ያለ ፈቃዱ ሚሲዮናዊ አያስገባም። አልሄድም ለማለት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ኬሪ የመጀመሪያ ልጁን ፊሊክስን ብቻ ይዞ ሊሄድ ቆረጠ። በሚያዝያ መርከብ ላይ ወጡ፤ መርከቡ ግን አጃቢ ሲጠብቅ ለሳምንታት እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ቆመ። እነሱ እዚያ እያሉ ዶሮቲ ጃቤዝ የተባለውን አራተኛ ወንድ ልጇን ወለደች። በመጨረሻ ካፒቴኑ ፈቃድ የላችሁም ብሎ ከመርከቡ አወረዳቸው። ቶማስ ለንደን ሄዶ የኩባንያው ፈቃድ የማያስፈልገው የዴንማርክ መርከብ አገኘ፤ ጊዜ ግን የለም።

ሁለቱም ወደ ፒዲንግተን ተመለሱ። ዶሮቲ አሁንም አልሄድም አለች። ተስፋ ቆርጠው ከወጡ በኋላ ቶማስ ብቻውን ተመለሰና አስፈራራት፤ ቤተሰብሽ ይበተናል፣ ዕድሜ ልክሽን ትጸጸቻለሽ አላት። ያኔ እሺ አለች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ እህቷ ኪቲ አብራት እንድትሄድ። ኪቲም ተስማማች። ኬሪ ለዓመታት ካርታ ላይ ሲዘጋጅበት ለኖረው መንገድ ዶሮቲ የተሰጣት አንድ ቀን ገደማ ነው፣ ያውም ሳምንታት ብቻ የሆነው አራስ ይዛ። ለሁሉም የሚበቃ የመርከብ ሒሳብ ስላልነበረ ቶማስና ኪቲ እንደ አገልጋይ ተቆጥረው በቅናሽ ተሳፈሩ። ሰኔ 13 ቀን 1793 ከዶቨር ተነሱ፤ ካልካታ የደረሱት በኅዳር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበለው፣ ከባድ ነው። ይዘው የሄዱት ገንዘብ ወዲያው አለቀ። ዶሮቲና ፊሊክስ በተቅማጥ ታመሙ። ኪቲ እዚያ አንድ እንግሊዛዊ አግብታ ቀረች፤ ዶሮቲ የተሳፈረችበት ብቸኛ ቅድመ ሁኔታ በዚሁ አበቃ። በ1794 የአምስት ዓመቱ ልጇ ፒተር ሞተ። በአካባቢው የነበረው የካስት ሥርዓት አስከሬን መንካት ስለሚከለክል ልጁን የሚቀብርላቸው ሰው ማግኘት ራሱ መከራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዶሮቲ አእምሮ ታወከ፣ ባሏንም ከሌላ ሴት ጋር ትሄዳለህ እያለች በአደባባይ ትከሰው ጀመር። እስክትሞት ድረስ አልተሻላትም፤ ብዙውን ጊዜ ክፍል ተዘግቶባት ነው የኖረችው። ኬሪ በ1801 የታተመውን የቤንጋልኛ አዲስ ኪዳን ሲያዘጋጅ እሷ በዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ታኅሣሥ 8 ቀን 1807 ሴራምፖር ላይ ዐረፈች።

ኬሪን ክፉ ሰው ነው አልልም። ከቤቱ አላስወጣትም። የሠራውም ሥራ ሥራ ነው፤ ባሏ የሞተባትን ሴት አብሮ ማቃጠልን የሚከለክለውን የ1829 አዋጅ ወደ ቤንጋልኛ የተረጎመው እሱ ነው። ግን ያ ሁሉ ሲሠራ ልጆቹን ማን አሳደገለት ብትሉ ሐና ማርሽማን ናት። በ1799 ከባሏና ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በቡድን መጣች። ሴራምፖር ላይ በአንድ ግቢ አብረው ኖሩ፣ ትምህርት ቤት ከፈተች፣ የኬሪንም ልጆች እንደ እናት ያዘች። እንዲህ ያለች ጎረቤት ለዶሮቲ የመጣችላት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፣ ፒተር ከሞተ፣ እሷም ከታመመች ወዲያ።

እናም የኔ ተማሪ፣ ጥያቄሽ ይሄ ነበር። ማይኩ አንቺ ጋ ቢደርስ ምን ትዪ እንደነበር ሳስብ ሰነበትኩ። ሳትሄዱ ሁለታችሁም ቤት ኑና እራት እየበላን ንገሪን፤ ባለቤቴም ልትሰማሽ ትፈልጋለች። ሻንጣሽ ውስጥ ደግሞ የሁለት ኪሎ ቦታ አትርፊ፣ እናቴ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች።